ነጻ ናት ብዬ ያነበብኩ ዕለት

አንድ እሑድ ጠዋት፣ አዳማ ውስጥ፣ ምእመናን በሞሉበት አዳራሽ ማይክሮፎን ይዤ የአንዲት ሴት ስም አጥፍቻለሁ። ያጠፋሁት ተሳድቤ ወይም ዋሽቼ አይደለም። ንጹሕ ናት ብዬ በማንበብ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰምታችሁ ብትጸየፉኝ አልቀየማችሁም፤ እኔም ራሴን መጸየፍ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ፤ አሁንም አለችኝ። ኮምፒውተርና ፕሪንተር ያለው ሰው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሳይወድ በግዱ ጸሐፊ ይሆናልና የሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ ነበር። "ሳይወድ በግዱ" ያልኩት እንኳን ውሸቴን ነው። እወደው ነበር። ስብሰባ ሲጀመር በሩ ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ውጭ ይቀራል፣ እኔ ውስጥ ነኝ። የማን ትዳር እንደታመመ፣ የማን ልጅ መጠጥ እንደጀመረ ከማንም ቀድሜ አውቃለሁ። ይህን አገልግሎት እለው ነበር።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲሉ ፎቷቸው ከነስማቸው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ለሦስት ተከታታይ እሑድም "በዚህ ጋብቻ ላይ ተቃውሞ ያለው በጽሑፍ ለቢሮ ያቅርብ" ተብሎ ከመድረክ ይነገራል። አንባቢው እኔ ነበርኩ። ብዙ ጊዜ ማንም ምንም አያቀርብም፤ ሰው ፎቶውን አይቶ "ያምራሉ" ብሎ ያልፋል።

የዚያን ሰሞን የተለጠፉት ሌንሳና ዮናታን ነበሩ። ሌንሳ የአቦምሳ ልጅ ናት፤ አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ነበረች፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ሕፃናት ታስተምር ነበር። ዮናታን ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሠራ ትራንዚተር ነው፤ ዝምተኛ፣ ታታሪ፣ ከእናቱ ቃል የማይወጣ ልጅ። ሠርጋቸው አሥር ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት ቢሮውን ስከፍት በበሩ ሥር የተሸጎጠ ወረቀት አገኘሁ።

ስም የለውም፣ ፊርማ የለውም። በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ "ሌንሳ አቦምሳ ልጅ አላት። እናቷ ጋ ደብቃ ታሳድጋለች። ወንድማችን ሳይታለል አጣሩ። የጌታ ቤት ንጹሕ ይሁን።"

በቃ ይኸው ነው። ያኔውኑ ቀድጄ ብጥለው ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አይኖርም ነበር። እኔ ግን ደነገጥኩም፣ ደስም አለኝ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚመጡ ያየ ያውቀዋል። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወደ ጋሽ ደምሴ ቤት ገሰገስኩ።

ጋሽ ደምሴ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በርዕሰ መምህርነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። የታመመ ይጠይቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ክስ ነው እንግዲህ ጋሼ?" አልኳቸው።

"ክስ አትበል!" ብለው ተቆጡኝ። "እኛ ከሳሾች አይደለንም፣ ኤፍሬም። ይሄ ጥቆማ ነው። እናጣራዋለን።"

ይህችን ቁጣ የእኛ ቤት ሰው ካልሆናችሁ አትረዷትም። እኛ ዘንድ "ከሳሽ" የሰይጣን ስም ነው። ስለዚህ ማንም ማንንም አይከስም። "በልቤ ሸክም አለ" ይላል። "ለእህታችን እንጸልይላት፣ ምክንያቱን ጌታ ያውቃል" ይላል። "ይጣራ" ይላል። ነገሩ ያው ክስ ነው፤ የጎደለው ተከሳሹ መልስ የሚሰጥበት ቦታ ብቻ ነው። ከእኔ የጽሕፈት ቤት ወጥቶ ፍርድ ቤት የሚገባ ክስ እንኳን የከሳሽ ስምና አድራሻ አለው፣ ለተከሳሹ ይደርሰዋል፣ መልሱን ይዞ የሚቀርብበት ቀን ይሰጠዋል። ለስንቱ ደንበኛ ጽፌ ስንቱን ከሳሽ አስፈርሜ፣ ይህን እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።

ዝም አላልኩም፤ ለእውነት ያህል አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ። "ሌንሳን ጠርተን ብንጠይቃትስ?" አልኩ።

"በሠርጓ ዋዜማ? ልጅቷን እናስደንግጣት?" አሉ ጋሽ ደምሴ። "ዝም ብለን እናጣራለን። ውሸት ከሆነ ሳትሰማው ያልፋል። ይሄ ለእሷ ማዘን ነው።"

ማዘን መሰለኝ። ዓርብ በጠዋት ከመናኸሪያ ተሳፍረን ወደ አቦምሳ ሄድን።

እዚያ እንደደረስን መጀመሪያ የሄድነው በእኅት ቤተ ክርስቲያን ወደሚያገለግል አንድ ወንጌላዊ ነበር። ጋሽ ደምሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "በምሥጢር ነው፣ ለጸሎት እንዲሆንህ ያህል" ብለው ነገሩን ነገሩት። ወንጌላዊው "እኔ ምንም አልሰማሁም" አለ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኛ ሳብ አደረገ። "ግን እናቷ ቤት አንዲት ትንሽ ልጅ አለች፤ እኔ እኅቷ ናት ብዬ ነበር የማስበው።" "ነበር" አለ። ከሩብ ሰዓት በፊት እኅቷ የነበረችው ልጅ፣ እኛ ስለጠየቅን ብቻ "ነበር" ሆነች። እኔም ማስታወሻዬ ላይ "ትንሽ ልጅ አለች" ብዬ ጻፍኩ።

ልጅቷ የምትማርበትን ትምህርት ቤት ያሳየንም እሱ ነው። ጋሽ ደምሴ ርዕሰ መምህር ስለነበሩ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ቶሎ ተግባቡ። መዝገቡ ወጣ። ሲፈን ትባላለች፣ ሦስተኛ ክፍል ናት። አሳዳጊ በሚለው ቦታ ላይ የሌንሳ ስምና ስልክ ተጽፏል።

"ይኸውና!" አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ አድርገው።

"ክፍያና ደብተር የምታሟላላት እሷ ስለሆነች ነው" አለ ርዕሰ መምህሩ። ቆይቶ ደግሞ፣ "ምነው፣ ችግር አለ?" ሲል ጠየቀ። ጋሽ ደምሴ ለእሱም በምሥጢር ነገሩት።

ልጅቷ ከክፍል ተጠራች። እጇ ላይ ጠመኔ ነበር፣ ሰሌዳ ላይ እየሠራች ነው የመጣችው። እንግዳ አክብራ አንገቷን ሰበር አድርጋ ቆመች። ጋሽ ደምሴ አገጯን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀና አደረጓት፤ ወደ ብርሃኑም አዞሯት።

"አፍንጫዋን እይ" አሉኝ።

አየሁ። ልጅ ከብት አይደለችም፣ ገበያም አልወጣንም፣ እኔ ግን አየሁ። አፍንጫዋን፣ ግንባሯን፣ የጆሮዋን አወጣጥ ሳይቀር ከሌንሳ ጋር በልቤ አስተያየሁት። ሲፈን ዓይኗን ከእሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ርዕሰ መምህሯ አንከራተተች። "ጥፋት አጠፋሁ እንዴ ቲቸር?" አለች።

"ሂጂ ግቢ" ብቻ ተባለች።

ከዚያ እናትየው ቤት ሄድን። አደ ጫልቱ፣ በአማርኛው ወይዘሮ ጫልቱ፣ ይባላሉ። ጋሽ ደምሴን በማተብ ሳይሆን በከረባታቸው ነው መሰል ገና ከደጅ የቤተ ክርስቲያን ሰው መሆናቸውን ያወቁት፤ "ኮታ፣ ኮታ፣ ግቡ! አከም ጅርቱ? ደኅና ናችሁ? የሌንሳ ሽማግሌዎች ናችሁ አይደል?" እያሉ እጃችንን ይዘው አስገቡን። ለሠርጉ ጉዳይ፣ ለክብራቸው የመጣን መሰላቸው። እምቢ ብንል አልሰሙንም፤ ዶሮ ታረደ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። እኛ ልጃቸውን ልንመረምር፣ እሳቸው እኛን ሊያበሉ። መሶቡ ቀረበ፣ ጋሽ ደምሴ ረዘም ያለ ጸሎት ጸለዩ፣ በላን። ጣፋጭ እንደነበር ዛሬም አልረሳሁም፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

በመሃል ጋሽ ደምሴ እንደ ዋዛ አድርገው፣ "ይህችን ትንሿን በስንት ዓመትዎ ወለዷት?" አሏቸው።

"ሲፈንን? አርባ አራት ሞልቶኝ ነበር። ያለቀልኝ መስሎኝ እኮ ነው የመጣችው!" ብለው ሳቁ።

"የወለዷት እርስዎ ራስዎ ነዎት?"

የአደ ጫልቱ ሳቅ ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ሴትዮዋ ፊደል አልቆጠሩም፣ ግን ሞኝ አይደሉም። እንጀራ የያዘ እጃቸውን መልሰው መሶቡ ላይ አሳረፉ።

"ያ ዋቃዮ! አምላኬ!" አሉ ቀስ ብለው። "ለዚህ ነው የመጣችሁት? ልጄን ማን ከሰሳት?"

"ኧረ ማንም አልከሰሳትም እናቴ። ማጣራት ብቻ ነው" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"ካልከሰሳት ምን ታጣራለህ?" ቀሚሳቸውን ከወገባቸው ያዙ። "እሷን በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት፤ ጠባሳው አለ። ልግለጠው? በልተህ ስትጨርስ ይሻላል ወይስ አሁን?"

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጋሽ ደምሴ "አያስፈልግም እናቴ፣ አምነናል" ብለው፣ ምን እንደሚያደርጉ ሲጠፋቸው ነው መሰለኝ፣ አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ጎረሱ።

ስንመለስ ጋሽ ደምሴ መንገዱን ሙሉ ደስ ብሏቸው ነበር። "ጌታ ይመስገን፣ ልጅቷ ንጹሕ ናት!" ይሉኛል። እኔም ደስ አለኝ። አዳማ ስንገባ ግን አንድ ሐሳብ መጣላቸው። "ኤፍሬም፣ ይሄ ወሬ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ከነበረ በሌላውም ይኖራል። እሑድ ከመድረክ ነጻነቷን እናውጅላት። በብርሃን ይሁን።" ሌሎቹ ሽማግሌዎችም በስልክ ተስማሙ። ማስታወቂያውን እኔ እንድጽፍ፣ እኔው እንዳነበው ተወሰነ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያውን እየጻፍኩ ሳለ ሌንሳ ሱቄ በር ላይ ቆመች። የነርስ ልብሷን አላወለቀችም። እናቷ ደውለውላታል። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም።

"ወንድም ኤፍሬም፣ ወረቀቱን አንብብልኝ" አለች።

"የቱን ወረቀት?"

"እሱን ታውቀዋለህ።"

"ምሥጢር ነው ሌንሳ። ደግሞ አልቋል፣ ነጻ ነሽ። ነገ ይነበባል፣ ደስ ይበልሽ!" አልኩ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ፈገግ እያልኩ።

"ከምን ነው ነጻ የወጣሁት?"

"ከተባለው ነገር ነዋ።"

"ማን ነው ያለው? ማን ፊት ቀርቤ፣ ምን ብዬ መልሼ ነው ነጻ የወጣሁት? እኔ እኮ ዛሬ ነው የሰማሁት።" ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብላ የጻፍኩትን አነበበች። "ይሄን ስታነብ ስንት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማል? ዮናታን ያውቃል፣ ዛሬውኑ ነግሬዋለሁ፣ ሲፈንንም ያውቃታል። እናቱ ግን ምንም አያውቁም። ባታነበውስ? ስለ እግዚአብሔር ብለህ አታንብበው። ሌላ ምንም አልለምንህም።"

አላነበውም ብል ምን እሆን ነበር? ምንም። ከሥራ አልባረር፣ ዱላ አያርፍብኝ። "ለጋሽ ደምሴ እነግራቸዋለሁ" አልኳት። ደወልኩም። "ሰይጣን እውነቱ እንዳይወጣ ነው የሚፈልገው። ለእሷ ክብር ነው" አሉኝ። እኔም ሰው ቀድሞ የወሰነው ነገር ይመቸኛልና እሺ አልኩ። ማስታወቂያውን ከመድረክ እንዲታየኝ በትልልቁ አትሜ ፋይሌ ውስጥ አስገባሁት።

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቶ በረንዳው ላይ ወንበር ተጨምሯል። ከመዝሙሩ በኋላ ተነሥቼ አነበብኩ፦ "በእኅታችን በሌንሳ ላይ 'ከጋብቻ በፊት ልጅ ወልዳለች' በሚል የቀረበው ጥቆማ በሽማግሌዎች ተጣርቶ ሐሰት ሆኖ ስለተገኘ፣ እኅታችን ነጻ መሆኗን በደስታ እናሳውቃለን።"

መጀመሪያ አንድ ሰው "አሜን!" አለ። ከዚያ ሁሉም "አሜን! ሃሌ ሉያ!" አለ፣ ተጨበጨበ። እልልም አሉ። ወይ ጉድ! አንድ ሺህ ጊዜ አስቤዋለሁ፣ ያን እልልታ ግን እስካሁን መዋጥ አልቻልኩም። ሌንሳ ከግድግዳው ማዶ የሕፃናት ክፍል ውስጥ ናት፤ ድምፅ ማጉያው እዚያም ይሰማል።

በእልል ባዩ ሕዝብ መካከል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ የዮናታን እናት ወይዘሮ ፀሐይ አላጨበጨቡም። አንገታቸውን ወደ ልጃቸው አዙረው ያዩት ነበር።

ፕሮግራሙ አልቆ በር ላይ ሰው ሳሰናብት ሰው ሁሉ እጄን አጥብቆ ይይዘኛል። "ምን ነበር የተባለው?" "ልጅቷ የማን ናት ታዲያ?" "አባቷስ?" "እሳት በሌለበት ጭስ የለም ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው?" አንዱም ስለ "ነጻ" አልጠየቀኝም። እኔ ደግሞ ምን የመሰልኩ ሰው ነኝ? ለአንዱ "አይ፣ እኅቷ ናት" እላለሁ፣ ለሌላው "አፍንጫዋ ይመሳሰላል እንጂ…" ብዬ ጀምሬ እስቃለሁ። አዎ፣ ብያለሁ። ለአንድ ሰው እንዲህ ብያለሁ።

ማክሰኞ ወይዘሮ ፀሐይ ሽማግሌ ላኩ። "እኔ አምናታለሁ" ብለዋል፤ "ግን ከተነሣ አይቀር ለሁላችንም ሰላም የዲኤንኤ ምርመራ ይደረግና ልባችን ይረፍ።" እኛ ያጣራነውን ማጣራት መሆኑ ነው። ጋሽ ደምሴም "ምን ይጎዳል? ይበልጥ ነጻ ትወጣለች" አሉ። ዮናታን አንገቱን ደፍቶ "እማዬን ደስ ይበላትና እንለፈው" አላት አሉ።

ሌንሳ የመለሰችውን እኔው ቃለ ጉባኤ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ቢሮ መጥታ ቆማ ነው የተናገረችው። "እኅቴ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ሄዳችሁ ፊቷን አገላብጣችሁ አይታችኋል። አሁን ደግሞ ደሟን? አልሰጥም።" ቀለበቱን አውልቃ ጋሽ ደምሴ ፊት አስቀመጠችው። ዮናታን አጠገቧ ነበር፤ አልተነሣም።

ሰሌዳው ላይ የነበረውን ፎቶ እኔ ነኝ ያነሣሁት። በወሩ ሌንሳ ከአዳማ ለቀቀች። እኔም ከጸሐፊነቱ ወጣሁ፤ ይህንን እንደ ጀግንነት አትቁጠሩልኝ፣ ከሁሉ ነገር በኋላ ነው።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ያን ወረቀት ማን ጻፈው ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ብዙ ሰው ታሪኩን ስነግረው የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። እኔ አላውቅም፤ ለማወቅ መፈለግም ትቻለሁ። ያ ሰው የሠራው ሥራ አጭር ነው። አቦምሳ ድረስ የወሰደው፣ ለወንጌላዊው፣ ለርዕሰ መምህሩ፣ ለእናቲቱ፣ ኋላም ለአዳራሹ ሙሉ ሕዝብ ያዳረሰው እሱ አይደለም። ክሱን ክስ ብለን ጠርተነው ቢሆን ኖሮ ከሳሽ ይጠየቅ ነበር፤ ከሳሹም ስለሌለ እዚያው በሩ ሥር ይቀር ነበር። እኛ ግን እጃችን እንዳይቆሽሽ ስሙን ለወጥን፤ ስሙ ሲለወጥ ደግሞ ማንም ኃላፊነት ሳይወስድ ሁሉም ከሳሽ ሆነ። በእናንተም ቤት፣ በመሥሪያ ቤታችሁ፣ በዕድራችሁ "ለእሷው ብለን ነው" የሚል ሰው ሲነሣ ስታዩ፣ እባካችሁ "እሷስ ታውቃለች?" ብላችሁ ጠይቁት። እኔ አንድ ጊዜ ጠይቄ ቁጭ አልኩ፤ ሁለተኛ መጠየቅ ነበረብኝ።

ዓመት ካለፈ በኋላ ሌንሳ አዳሚ ቱሉ እንደምትሠራ ሰማሁ። አንድ ቀን ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሲፈን ከእሷ ጋር ነው አሁን የምትኖረው፣ በረንዳው ላይ የቤት ሥራ ትሠራለች። ስታየኝ አወቀችኝ፤ ደብተሯን አጥፋ ወደ ውስጥ ገባች።

ሌንሳ ወንበር አወጣችልኝ። ምላሴ እየተሳሰረ የመጣሁበትን ተናገርኩ። በመጽሐፍም በስብከትም የሰማሁትን የይቅርታ ቃል ሁሉ ደረደርኩ። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

"ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ ምን ታደርግበታለህ?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ምን አደርግበታለሁ? ልቤ ያርፋል።"

"ከዚያስ? እሑድ ታነበዋለህ?"

ከዚያ በኋላ ብዙ ተነጋገርን፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቁጭ ብለን ነበር። ስነሣ አንድ ነገር አለችኝ። ይቅር አለችህ ወይስ አላለችህም ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አልነግራችሁም።